ካሜራዬን የጣለው ብሎን

በደሴ ከተማ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ በማንሣት የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው በጥር 2015 ዓ.ም. አንድ ካሜራ ከትራይፖድ፣ ማለትም ከባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ ላይ ወድቆብኝ፣ ከዚያም በኋላ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ስሳሳትና ስታረም ከቆየሁ በኋላ፣ ሥራውን ገና የሚጀምሩ ወንድሞችና እኅቶች ያንኑ ዋጋ ደግመው እንዳይከፍሉ በማሰብ ነው። ነገሩ ሲያዩት ትልቅ አይመስልም። ካሜራን ከትራይፖድ ጋር የምታገናኘው ዕቃ መዳፍ የማትሞላ ብረት ናት፤ እኛ በሥራ ላይ ፕሌት እንላታለን። ባለሙያ ከባለሙያ ሲገናኝ ስለ ሌንስ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ሜሞሪ ይጠያየቃል እንጂ ስለ ፕሌት የሚያነሣ አላጋጠመኝም። እኔም አንሥቼ አላውቅም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በ2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ ወደ ደሴ ስንመለስ ነው። የሥራ ቤታችን በር ተገንጥሎ፣ መደርደሪያው ባዶውን ጠበቀን። ስለዚያ ብዙ አልልም፤ የደሴ ሰው ያውቀዋል። ካሜራዬን በጀርባዬ ይዤ ወጥቼ ስለነበር እርሱ ተርፎልኛል፤ ትራይፖዱና መብራቶቹ ግን አልነበሩም። የሠርጉ ወቅት ሲቃረብ አዲስ አበባ ባለ ወዳጄ በኩል አንድ ያገለገለ ትራይፖድ አስገዛሁ። እግሩ ወፍራም፣ ካሜራው የሚቀመጥበት ራሱ የማይንቀጠቀጥ፣ ዋጋው ደግሞ ከአዲሱ ከግማሽ በታች ነበር። ለምን እንደረከሰ ስጠይቅ ሻጩ «ፕሌቷ ጠፍታለች፤ እሷን ደግሞ የትም ታገኛታለህ» አለ። አመንሁት። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የደረሰብኝ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ፕሌት የትም አይገኝም። ይህን ስል ፕሌት የሚባል ዕቃ ጠፍቷል ማለቴ ሳይሆን፣ ለዚያ ትራይፖድ የሚሆነው ፕሌት የትም አይገኝም ማለቴ ነው። እያንዳንዱ አምራች የራሱን ቅርጽ ይቆርጣል። አንዱ አራት ማዕዘን፣ ሌላው ረጅምና ቀጭን፣ ሦስተኛው ደግሞ ጠርዙ የተሸረፈ ነው፤ የአንዱ አምራች እንኳ የትንሹ ትራይፖድና የትልቁ ትራይፖድ ፕሌት ላይገጥም ይችላል። የማንፍሮቶ ኩባንያ 200 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ዓይነት ብዙ ስለተሠራና አስመስለው የሚሠሩትም ስለበዙ ሲጠፋ መተካቱ አያስቸግርም፤ የእኔው ግን ስሙ ከላዩ ላይ የተፋቀ፣ እናቱን የማያውቅ ዕቃ ነበር። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ካሜራና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበትን ሁሉ ዞርሁ። በመጨረሻ አንዲት የፕላስቲክ ፕሌት አገኘሁ፤ ገጠመች ባልልም ልትገጥም ምንም አልቀራትም። የቀራትን አንድ ሚሊ ሜትር የሚያህል ክፍተት የመድኃኒት ካርቶን አጥፌ ሞላሁት።

በካርቶኑ አንድ ሳምንት ሠራሁበት። በስምንተኛው ቀን ፕሌቷ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀች። እዚህ ላይ የምመክረው ነገር አለ፤ ያገለገለ ትራይፖድ ስትገዙ ከእግሩ በፊት ፕሌቱን ጠይቁ፣ ፕሌቱ ከሌለ እርሱ የሚሰካበትን የመያዣውን ስምና ቁጥር ጠይቁ፣ እርሱም ካልታወቀ የትራይፖዱ ራስ ተፈትቶ በሌላ መተካት ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ለሦስቱም መልስ ከሌለ የምትገዙት ቁልፉ የጠፋ ሳጥን ነው።

ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ፕሌቱን አሠራለሁ ብዬ ወሰንሁ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ብረት እየቆረጠ የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት አይጠፋም። ከመሄዴ በፊት የካሜራዬን ሆድ ገልብጬ ፕሌቱ የሚታሰርበትን የብሎኑን ቀዳዳ በልጄ የትምህርት ቤት ማስመሪያ ለካሁት፤ ስድስት ሚሊ ሜትር ከምናምን አነበብሁ። ምናምኑን ተውሁት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ቶርኖ ቤቱ ስደርስ፣ ለሚሠራው ወጣት የትራይፖዱን ራስ ሰጠሁትና ካሜራውን ግን አቧራ እንዳይነካብኝ ብዬ ከቦርሳ አላወጣሁም። «የብሎኑ ውፍረት ስንት ነው?» አለኝ። «ስድስት ሚሊ» አልሁ በሙሉ ልብ። «ስድስት ከሆነማ በ10 ቁልፍ የሚፈታው ብሎን ነው፤ እሱ ሞልቶናል፣ አብሽር!» አለኝ። ልጁ በእውነቱ ጥሩ ሠራተኛ ነው። ከወፍራም አልሙኒየም የቆረጣት ፕሌት በመያዣው ውስጥ ጠብ አትልም፤ እንደዚያ ያማረች ፕሌት እስከ ዛሬም አላየሁም። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሱ አልነበረም፤ ያዘዝሁትን ሰጠኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ብሎኑን ወደ ካሜራው ሳስገባው አንድ ዙር በጣቴ ገባ፤ ሁለተኛው ላይ ከበድ አለ፤ ሦስተኛው ላይ ቆመ። አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ በካቻቪቴ አጠበቅሁት። ጭብጥ ብሎ ያዘ። ካሜራውን ይዤ ትራይፖዱን ብነቀንቀው አይላወስም። እንዲያውም ከፋብሪካው የበለጠ ጠበቀ ብዬ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ሠርጉ ኮምቦልቻ ነበር። ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት ሽማግሌዎች በዳሱ ውስጥ ሲመርቁ ካሜራውን በትራይፖድ በደረቴ ትክክል አቁሜ እቀርጽ ነበር። አንደኛው አባት ተነሥተው እጃቸውን ሲዘረጉ ፊታቸውን ልከተል የትራይፖዱን ራስ ቀና አደረግሁት። ጠቅ የምትል ድምፅ ሰማሁ፤ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሣ ስክሪኑ ራሱ ከፊቴ ጠፋ። ካሜራው በሌንሱ አፍ መሬት ላይ ተተከለ። ትራይፖዱ ግን እንደቆመ ነው፤ ፕሌቷ በላዩ ላይ፣ ብሎኑ ደግሞ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ። ጎንበስ ብዬ ሳየው በብሎኑ ጥርሶች ላይ የብር ቀለም ያለው ቀጭን ክር ተጠምጥሞበታል። ያ ክር የካሜራዬ ቀዳዳ ጥርስ ነው፤ ከውስጥ ተልጦ የወጣ። የሙሽራዋ አያት ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ ዕቃ ነው፤ አንተ ደኅና ሁን» ሲሉኝ መልስ እንኳ መስጠት አልቻልሁም። የቀረውን ሠርግ በረዳቴ ካሜራ ጨረስነው፤ ምርቃቱ ግን ግማሹ የለም።

በማግስቱ ወደዚያው የቶርኖ ቤት ሠፈር ተመልሼ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ሄድሁ። ፕሌቷን፣ ካሜራውንና ከረዳቴ ትራይፖድ የፈታሁትን የፋብሪካ ብሎን አብሬ አስቀመጥሁላቸው። መነጽራቸውን ካደረጉ በኋላ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያላቸው ስስ ቅጠሎች የታሰሩበትን የጥርስ መለኪያ አወጡና አንድ በአንድ በሁለቱ ብሎኖች ላይ ያስጠጉ ጀመር። «ማን ነው ስድስት ሚሊ ያለው?» አሉኝ። «እኔው ነኝ ጋሼ፣ በማስመሪያ ለክቼ» አልሁ። «ይሄ ሚሊ አይደለም፤ ኢንች ነው። ድሮ ብዙ የመኪና ብሎን እንዲህ ነበር፤ እናንተ ባለ ካሜራዎች ናችሁ ያልተዋችሁት» ብለው ሣቁብኝ። ካሜራውን እንዲያስተካክሉልኝ ስለምናቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። አዲስ ጥርስ ሲወጣ የብረቱ ብናኝ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውስጡ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው፣ እኔ ብረት እንጂ ካሜራ አላክምም አሉ። ስለዚህ ምክራቸው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። አዲስ አበባ የላክሁለት ጠጋኝ ካሜራውን ፈትቶ የቀዳዳውን ክፍል ራሱን በሌላ ቀየረው፤ እንደ እርሱ አባባል በብዙ ካሜራዎች ይህ ክፍል ለብቻው የሚፈታ ስለሆነ፣ እዚያው ላይ ሊቦርቦር ቢሞከር ኖሮ ጉዳቱ ይብስ ነበር።

ባለሙያው ያስረዱኝን በራሴ ቋንቋ ልድገመው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትይዛላችሁ ብባል እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። የካሜራ ሆድ ላይ ያለው ቀዳዳ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ 1/4 ኢንች ውፍረት ያለው፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 20 ጥርስ የተቆረጠበት። 1/4 ኢንች 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኔ «ምናምን» ብዬ የጣልኋት 0.35 ነበረች። ዋናው ችግር ግን ውፍረቱ ሳይሆን የጥርሱ ርቀት ነው። በካሜራው ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን በተለመደው ባለ ስድስት ሚሊ ብሎን ግን አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ይገጥማል፤ ሁለተኛው ይፋቃል፤ ሦስተኛው ላይ ብሎኑ የካሜራውን ጥርስ እየበላ የራሱን መንገድ ይቆርጣል። እኔ «ጠበቀ» ብዬ የተደሰትሁበት ያ ማጥበቅ ካሜራዬን ሲበላ የተሰማኝ ነው። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው የብሎን ርዝመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ የሚይዙት ጥርሶች አራት ያህል ብቻ ናቸው፤ ከአራቱ ሁለቱ ከተበሉ ካሜራው የተንጠለጠለው በተስፋ ነው። ብሎኑ ከሚገባው በላይ ረጅም ከሆነ ደግሞ የቀዳዳውን ወለል ይገፋል፤ በካቻቪቴ ከታገዘ ሊበሳውም ይችላል።

ታዲያ ብሎን በእጃችሁ ሲገባ እንዴት ትለዩታላችሁ? ያው ያሳሳተኝ ማስመሪያ መልሱን በሌላ ጎኑ ይዞታል። አብዛኛው የተማሪ ማስመሪያ በአንድ በኩል ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው በኩል ኢንች አለው። ብሎኑን በኢንቹ በኩል አስጠግታችሁ በግማሽ ኢንች ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ቁጠሩ፤ አሥር ከሆኑ ትክክለኛው ነው፣ አሥራ ሦስት ገደማ ከሆኑ መልሱት። ብሎኑ አጭር ከሆነ ደግሞ በሩብ ኢንች አምስት ጥርስ ፈልጉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጣት ነው። ትክክለኛ ብሎን በሁለት ጣት ብቻ፣ ያለ ምንም ግፊት እስከ መጨረሻው ይገባል። ከመጨረሻው ሩብ ዙር በፊት ካቻቪቴ የሚጠይቅ ብሎን ካሜራችሁ አጠገብ አይድረስ። ከዚህ ሌላ 3/8 ኢንች የሚባል ወፈር ያለ ብሎን አለ፤ እርሱ በብዛት የትራይፖዱን እግርና ራስ የሚያያይዘው ነው። በአንዳንድ ትልልቅ ፕሌቶችም ላይ ይገኛል፤ ከ3/8 ወደ 1/4 የምታሳንስ ትንሽ የነሐስ ቀለበትም ትሸጣለች። ቀለበቷ በሳንቲም ጠርዝ ካልጠበቀች ብሎኑ ሲፈታ አብራው ትዞራለች፤ እርሷን ፍለጋ አንድ ማታ ምንጣፍ ላይ ስንበረከክ ያመሸሁ ሰው ስለሆንሁ ነው የምነግራችሁ።

ካሜራው ከተጠገነ በኋላ ያንን ትራይፖድ አልጣልሁትም፤ እግሩ ጥሩ ነበርና ራሱን ብቻ ልቀይር ወሰንሁ። ዛሬ ብዙ አምራቾች የሚከተሉት አርካ ስዊስ የሚባል ቅርጽ አለ። ፕሌቱ ግራና ቀኙ ወደ ውስጥ ገደድ ብሎ የተቆረጠ ረዘም ያለ ሰሌዳ ነው፤ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መያዣው ሁለት ከንፈር አለውና ገዳዳውን ጠርዝ ከሁለት ወገን ይነክሰዋል። ጥቅሙ አንድ ፕሌት ቢጠፋ ከሌላ አምራች መግዛት መቻሉ ነው፤ እኔ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አልነበረም። እዚህም ቢሆን አንድ ጊዜ ተሳሳትሁ። መያዣው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በእጅ እየዞረ የሚጠብቅ፣ ሌላው በማንሻ ጠቅ ብሎ የሚቆለፍ። ለሠርግ ፍጥነት ያስፈልገኛል ብዬ ባለ ማንሻውን ገዛሁ፤ ፕሌቶቹን ግን ከሁለት የተለያዩ አምራቾች ሰበሰብሁ። አርካ ስዊስ ሁሉም የሚስማማበት የተጻፈ ልክ ስለሌለው አንዱ ፕሌት ከሌላው በፀጉር ያህል ይሰፋል ወይም ይጠባል። ማንሻው የሚሄደው የተወሰነ ርቀት ብቻ ነው፤ ለሰፊው ፕሌት አልዘጋ አለኝ፣ ለጠባቡ ደግሞ ተዘግቶም ፕሌቱ ይንሸራተት ነበር። የሚዞረው መያዣ ግን እስኪነክስ ድረስ ስለሚጠብቅ ሁለቱንም ይይዛል። የተለያየ ፕሌት የምትጠቀሙ ከሆነ የሚዞረውን ምረጡ፤ ማንሻውን ከወደዳችሁ መያዣውንም ፕሌቱንም ከአንድ አምራች ግዙ። በፕሌቱ ሁለት ጫፍ ላይ ትንንሽ የማቆሚያ ቪቶች ካሉት ደግሞ አትንቀሏቸው፤ መያዣው ቢላላ እንኳ ፕሌቱ ሾልኮ እንዳይወርድ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው።

አንድ ማታ የደሴን መብራት ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኜ ላነሣ ወጣሁ። ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ ዓይኑን 20 ሰከንድ ከፍቶ እንዲቆይ አደረግሁ። ቤት ገብቼ ሳያቸው እያንዳንዱ መብራት መንታ ሆኗል። የጦሳን ነፋስ ረገምሁ፤ በሳምንቱ ነፋስ በሌለበት ማታ ወጥቼ ያው ሆነ። ጥፋቱ የተገኘው ሳሎን ውስጥ ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ሰክቼ፣ በስክሪኑ ላይ ግድግዳው ላይ ያለውን የሰዓት ቁጥር አሥር እጥፍ አጉልቼ፣ የትራይፖዱን እግር በጣቴ መታ አደረግሁት። ቁጥሩ ተንቀጥቅጦ እስኪቆም ሦስት ሰከንድ ቆጠርሁ። ፕሌቱን አውጥቼ ከላዩ የተለጠፈበት ወፍራምና ለስላሳ ጎማ በሌለው በሌላ ፕሌት ስቀይረው አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ለካ ካሜራዬ የተቀመጠው በብረት ላይ ሳይሆን በፍራሽ ላይ ኖሯል። ጎማው ካሜራው እንዳይቧጨርና እንዳይንሸራተት ይረዳል፤ ነገር ግን ስስና ጠንካራ መሆን አለበት። ይህችን ሙከራ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁም ልትሠሯት ትችላላችሁ፤ ባለ ሱቁ ቢገረምም ግድ የለም። ጎማውን በተመለከተ ሌላም አለ፤ ደሴ ብርድ ላይ የማይታየው ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ይታያል። ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት የቆየ ርካሽ ፕሌት ማጣበቂያው ቀልጦ ጎማው ከነካሜራው ቀስ እያለ ሲሸሽ አይቻለሁ።

ከሁሉ ያደከመኝ ግን ካሜራው በጎኑ ሲቆም ነው። ሙሽሮችን በቁም ለማንሣት ካሜራውን ወደ ጎን ስታጋድሙት ክብደቱ በአንዲት ብሎን ዙሪያ ይንጠለጠላል፤ ካሜራው ራሱ እንደ ቁልፍ ሆኖ ብሎኑን ይፈታዋል። ሙሽራዋን አስተካክላችሁ፣ ቀሚሷን አስዘርግታችሁ፣ ወደ ስክሪኑ ስትመለሱ ካሜራው አንገቱን ሰበር አድርጎ ታገኙታላችሁ። አጥብቁት፣ ደግሞ ይሰብራል። መፍትሔው ብሎኑን ይበልጥ ማጥበቅ አይደለም፤ እኔ በዚያ መንገድ ሄጄ አይቻለሁና። መፍትሔው ከኋላ ወይም ከጎን ከፍ ያለች ከንፈር ያለው ፕሌት ነው። ከንፈሯ በካሜራው ወገብ ላይ ስለምታርፍ ካሜራው መዞር ቢፈልግ ከብሎኑ ጋር ሳይሆን ከብረቷ ጋር ይታገላል። እንዲህ ያለው ፕሌት በአብዛኛው ለአንድ የካሜራ ሞዴል ብቻ የተቆረጠ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል ብለው የሚሸጡላችሁን አትመኑ።

ሥራችሁ በብዛት የቁም ፎቶ ከሆነ ደግሞ ኤል ቅርጽ ያለው ፕሌት ይሻላችኋል። ከካሜራው ሆድ ተነሥቶ በግራ ጎኑ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ በሁለቱም ፊቱ ያው ገዳዳ ጠርዝ ስላለው ራሱን ሳታጋድሙ ካሜራውን አውጥታችሁ በጎኑ ትሰኩታላችሁ። ክብደቱ ከትራይፖዱ መካከል ስለማይወጣ ነፋስም በቀላሉ አይጥለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር በዓይናችሁ እዩ፤ የባትሪው በር ፕሌቱ ሳይፈታ ይከፈታል ወይ፣ የማይክና የኤችዲኤምአይ ገመድ የሚገባበት ጎን አልተሸፈነም ወይ፣ ስክሪኑስ ወደ ጎን ይዘረጋል ወይ። እኔ ሁለተኛውን ሳላይ ገዝቼ ማይክ በሚያስፈልገኝ ሠርግ ሁሉ ፕሌቱን በብሩጎላ ስፈታና ሳስር አንድ ክረምት አሳልፌአለሁ። ብሩጎላውን ካነሣሁ አይቀር፣ የፕሌታችሁን ቁልፍ ከቦርሳችሁ ጋር በክር እሰሩት። ኪስ ውስጥ ያለ ብሩጎላ ሠርግ ቤት ይቀራል።

ስለ ረጅም ሌንስ የተማርሁት ሐይቅ ላይ ነው። በሐይቁ ዳር የሚያርፉትን ወፎች ላነሣ 70-200 ቋሚ 2.8 የሚባል ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ተከራይቼ ሄድሁ። የተከራየሁት ሌንስ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ሌንሱ ላይ እግር ያለው ቀለበት ነበረው፤ እኔ ግን ፕሌቴ ካሜራው ላይ ስለታሰረ እርሱን ማሠር ሰነፍሁና በካሜራው ሆድ አቆምሁት። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሄደ ራሱን ባላላሁት ቁጥር ሌንሱ በአፍንጫው ወደ ውኃው ይሰግዳል። ከዚህ የከፋው የማይታየው ነው፤ ያ ሁሉ ክብደት የተንጠለጠለው ካሜራና ሌንስ በሚገናኙበት ቀጭን ቀለበት ላይ ነው። በሌንሱ እግር ላይ ሲታሰር ግን ሚዛኑ መካከል ላይ ይወድቃል፤ እጃችሁን ብትለቁትም አይነቃነቅም። ቀለበቱን ላላ አድርጋችሁ ካሜራውን ብታዞሩት ደግሞ ያለ ኤል ፕሌት የቁም ፎቶ ታነሣላችሁ። ቀላል የሚባሉት ሌንሶች አንዳንዶቹ ያለ ቀለበት ይሸጣሉ፤ የካኖን 70-200 ቋሚ 4 የመጀመሪያው ሞዴል 705 ግራም ሲሆን ቀለበቱ ለብቻው የሚገዛ ነው። ሌንስ ስትዋዋሉ ቀለበቱ አብሮ እንዳለ ጠይቁ። ለሌንስ እግር የሚሆነው ፕሌት ረዘም ያለ ነው፤ የሚታሰረውም ከሌንሱ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው። የካሜራው ፕሌት ግን ከሌንሱ ጋር መስቀለኛ ይሆናል። በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ራስ ላላችሁ ይህ ችግር የለውም፤ የቪዲዮ ራስ ያላችሁ ግን መያዣው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ የካሜራ ፕሌት ብትሰኩበት ካሜራው ወደ ጎን ሲያይ ታገኙታላችሁ።

በስልክ ለምትሠሩ ነገሩ ቀላል ነው። ስልኩን የሚይዘው መቆንጠጫ ከታች ያው 1/4 ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው በፕላስቲኩ ላይ የተቆረጠ ከሆነ ቶሎ ይበላል፣ ብረት የተቀበረበትን ፈልጉ። በላስቲክ ከሚቆነጥጠው ይልቅ በቪት የሚጠብቀው ይሻላል።

አሁን ዕቃ ሲያስፈልገኝ ከአዲስ አበባ ከማዘዜ በፊት የካሜራውን ሆድ ፎቶ፣ ካሊፐር በሚባለው ረቂቅ መለኪያ የተለካ የመያዣዬን ስፋት፣ የባትሪውን በር አቀማመጥ እልካለሁ፤ ሻጩ የፕሌቱን የላይኛውንና የታችኛውን ፊት ፎቶ ካልላከልኝ አልገዛም። ያሉኝ ካሜራዎች ሁለቱም፣ የሌንሱም እግር፣ የረዳቴም ትራይፖድ አንድ ዓይነት ፕሌት ነው የያዙት። ወጪው አንድ ጊዜ አመመኝ፤ ከዚያ ወዲህ በሠርግ መካከል «የማን ፕሌት ነው?» የሚል ጥያቄ የለም። ካሜራ በሰካሁ ቁጥር ደግሞ እጄን ከመልቀቄ በፊት ካሜራውን ከነትራይፖዱ ከመሬት ትንሽ አነሣዋለሁ። የሚለቅ ከሆነ እጄ ላይ ይለቃል።

ያችን ኮምቦልቻ የተሠራች ፕሌት ከነብሎኗ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፤ የብር ክሩም እስከ ዛሬ አብሯት አለ። አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ ክሩን ለይቼ፣ ብሎኗን ከትክክለኛዋ ብሎን ጋር አደባልቄ «የካሜራዋ የቷ ናት?» እላለሁ። እስካሁን ከመጡት አምስት ልጆች አራቱ በዓይን አይተው ተሳስተዋል። አምስተኛዋ መልስ ሳትሰጠኝ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰድዳ ማስመሪያ አወጣች፤ ገለበጠችውና በኢንቹ በኩል መቁጠር ጀመረች።